«ጉዳት» የሚለው መስመር

አሜሪካ፣ ሲታክ የምትባል ከተማ ውስጥ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለ የመኪና ማቆሚያ፣ ለአንድ ሰው እንኳ በምትጠብ ዳስ ተቀምጬ ትኬት ስቀበል ይሄ አራተኛ ዓመቴ ነው። ከአንዱ መኪና እስከሚቀጥለው ባለው ጊዜ ፎቶ አያለሁ። የራሴን አይደለም። ሞተው ያለቁ የሩሲያ ወታደሮችን ነው።

የተጀመረው ጎረቤት ከተማ ቡሪየን፣ ሰው አሮጌ ዕቃውን ግቢው ዘርግቶ በሚሸጥበት በአንድ ያርድ ሴል ነው። ከአሮጌ ሰሃኖች ሥር የጫማ ካርቶን አገኘሁ። ውስጡ በአብዮታቸው ማግስት የተነሱ የቀይ ጦር ሰዎች ነበሩ፤ ጫፉ የሾለ የጨርቅ ቆብ፣ ግንባሩ ላይ ኮከብ፣ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ካፖርት። አንዱ የፈረሱን አንገት አቅፎ ዓይኑን ጨፍኗል። ይኼ ሰውዬ በዚያች ቅጽበት ምን አይቶ ይሆን እያልኩ አንድ ሳምንት ከረምኩ። ከዚያ ወዲያ፣ አገራቸው ስትፈርስ የአያቶቻቸውን ዕቃ ይዘው የመጡ ሩሲያውያን ቅዳሜ ቅዳሜ በሚሸጡበት ገበያ እየዞርኩ መልቀም ያዝኩ። አሁን ሁለት መቶ ደርሰዋል።

ኮሎምቢያ ሲቲ ሰፈር የተከራየኋት ክፍል ምድር ቤት ስለሆነች ግድግዳዋ ያልበዋል፤ ሶ የአልጋዬ ግማሽ የእነሱ ነው። እያንዳንዱን ለብቻው በወረቀት ፖስታ እከተዋለሁ። ፖስታው ላይ በለስላሳ እርሳስ ማን፣ የት፣ መቼ ብዬ እጽፋለሁ። የመጨረሻው መስመር «ጉዳት» ይላል፤ ተቀዷል፣ ሻግቷል፣ አይጥ በልቶታል።

በጀርባቸው ያለውን ሩሲያኛ የሚያነቡልኝ ጋሽ ንዋይ ናቸው። መንገደኛ ከእኛ ጋ ወደ ተርሚናል የሚያመላልሰውን ቫን ይነዳሉ። በደርግ ጊዜ ሻምበል ነበሩ፤ ኦዴሳ ሁለት ዓመት ተምረዋል።

«ይኼኛው የፈረስ ሐኪም ነኝ ይላል» ይሉኛል መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው እየገፉ። «ዘኪ፣ እኩዮችህ የሴት ፎቶ ነው ኪሳቸው የሚይዙት። አንተ የፈረስ ሐኪም።»

ከሁሉም ደጋግሜ የማያቸው ሁለት ቅጂዎች አሉኝ። ከተለያዩ ሻጮች ነው ያገኘኋቸው፤ ፎቶው ግን አንድ ነው። እንደ ፈረንጅ በ1926 አብረው የተነሱ ሰባት አዛዦች። ፎቶ አንሺው ለሰባቱም አንድ አንድ ሰጥቷቸዋል። በሁለቱም ላይ ከግራ ሦስተኛው ሰውዬ ፊት የለውም። በአንዱ በቀለም ተደፍኗል፣ በሌላው በምላጭ ተፍቋል።

«ተይዞ ነዋ» አሉኝ ጋሽ ንዋይ ያሳየኋቸው ቀን። «የተያዘ ሰው ፎቶ ቤትህ ከተገኘ...» ብለው ተዉት፤ ቫናቸውን አስነስተው ሄዱ። እኔም በሁለቱም ፖስታ ላይ «ጉዳት፦ የአንድ ሰው ፊት ጠፍቷል። ማን እንዳጠፋው አይታወቅም» ብዬ ጻፍኩ።

ሳሌም በዲቪ ከመጣች ዓመት አልሞላትም። ኤርፖርት ውስጥ መራመድ ያቃታቸውን በዊልቸር ትገፋለች። አባቷ ሻምበል ፍጹም ከጋሽ ንዋይ ጋር ኦዴሳ የተማረ ነው። በተመለሰ በወሩ ታሰረ፣ ከዚያ ወዲያ አልታየም። ቤታቸው ሲፈተሽ የነበረውን ፎቶ ሁሉ ወሰዱት፤ እሷ ያኔ ሁለት ዓመቷ ነበር። ፊቱን አታውቀውም። ጋሽ ንዋይ የምረቃውን ፎቶ እንዳስቀመጡ ስትሰማ ለመነቻቸው፤ «አባትሽ ጋ ቀለም ፈሶበታል» አሏት። ሰኞ ዕለት በዝናብ መጥታ በዳሴ መስኮት አንገቷን አስገባች።

«አሮጌ ፎቶ ታጸዳለህ አሉኝ።»

«እይዛለሁ እንጂ ብዙም አላጸዳም።»

«ሁሉም እንዲለቅ አልልህም። አፍንጫው ብቻ ቢታይ ይበቃኛል።»

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ጋሽ ንዋይ ፎቶውን ይዘው ዳሷ ውስጥ ገቡ። በደረቅ ላስቲክ ታሽጓል።

«ላሚኔት አስደረጉት?»

«አምና። እንዳይበላሽ ብዬ።»

የምንሳሳለትን ወረቀት ሁሉ ላስቲክ ውስጥ እንከታለን፤ የቀበሌ መታወቂያ፣ የልደት ካርድ። እኔም የማትሪክ ውጤቴን፣ ያን ሁሉ ዲ፣ በላስቲክ አሳሽጌ ነው አሜሪካ የገባሁት። ፎቶ ግን እንደዚያ አይወድም። በሙቀት የተጣበቀው ላስቲክ ልላጥህ ሲሉት ምስሉን ይዞ ይነሳል።

ማጉያ መነጽሬን አወጣሁ። አሥራ አንድ ወጣት መኮንኖች ናቸው። ከቀኝ ሁለተኛው ፊት የለውም። ቀለሙ ከፀጉሩ ጠርዝ ይጀምርና በጆሮው ዙሪያ ይዞራል፤ የጎረቤቱን ትከሻ ሳይነካ አገጩ ላይ ይቆማል። የፈሰሰ ቀለም እንደዚህ አይጠነቀቅም።

ማጉያዬን አስቀመጥኩ። እሳቸውም ዝናቡን ያያሉ።

«አይለቅም?»

«ላስቲኩ ባይኖርም እንጃ። አሁንማ አይነካም።»

ረጅም ተነፈሱ። ከፍቷቸው ይሁን ቀሏቸው መለየት አልቻልኩም። እኔ የማስበው ሰባቱን አዛዦች ነበር።

«ጋሼ፣ አሥራ አንድ ናችሁ። ለእናንተስ አንድ አንድ አልተሰጣችሁም?»

«ተሰጥቶናል» አሉ።

«ከመካከላቸው እዚህ አገር ያለ የለም?»

«ወልደ ሥላሴ ዳላስ ነው። ቁጥሩን ከያዝኩ ስድስት ዓመቴ።»

«ታዲያ ለምን ኮል አላደረጉለትም?»

«ምን ብዬ? ያንተስ የት ገባ ቢለኝ?»

የስልክ ካርዴን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ከዳሱ ስልክ አጠገብ አስቀመጥኩ። ሳሌም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሥራ ወጥታ ወደዚህ ትመጣለች፤ ሃያ ደቂቃ ቀርቷል። ካርዱን እያገላበጡ ቆዩና ደወሉ። እኔ የምሄድበት ስለሌለኝ ወደ መኪኖቹ ዞሬ ተቀመጥኩ።

«ወልዴ? ንዋይ ነኝ... አዎ፣ ያው ንዋይ። አለሁ፣ ቫን እነዳለሁ። አንተስ?... ፓርኪንግ? በል እንግዲህ፣ እኔም ፓርኪንግ ነው ያለሁት።» ትንሽ ሳቁ። «ስማ፣ ያቺ የኦዴሳ ፎቶ አለችህ?... ኦኬ። የፍጹም ልጅ እዚህ መጥታለች። ፊቱን ማየት ትፈልጋለች... የኔማ ቀለም አለበት።» ፎቶውን ወደ ራሳቸው ሳቡት። «አልፈሰሰም። እኔው ነኝ። በታሰረ ማግስት።»

ከዚያ ብዙ ሰሙ። የስልኩ ገመድ በጣታቸው ላይ ተጠምጥሞ ቀረ።

«አንተም?» አሉ በመጨረሻ። «በምላጭ?»

ስልኩን ዘጉ፤ እጃቸው ግን ላዩ ላይ እንዳለ ነው።

«ፊቱን ፍቆታል። አብሮን የተነሳው የጳውሎስም እንደዚያው ነው አለኝ።» መዳፋቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆዩ። «ሃያ ዓመት ሊሆን ነው። እኔ ብቻ መስሎኝ።»

ከቦርሳዬ ባዶ ፖስታ አውጥቼ እርሳሴን ቀረጽኩ። ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም። ሻምበል ፍጹም፣ ኦዴሳ፣ ሰኔ 1971 ብዬ ጻፍኩ።

«መልኩን ይንገሩኝ፣ ጋሼ።»

«ጠይም ነው። ግንባሩ ሰፊ።» ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ሲስቅ ግራ ዓይኑ ቀድሞ ይከደናል። አፍንጫው መሐሉ ላይ ጎበጥ ይላል፤ በልጅነቱ ከበቅሎ ወድቆ ነው። ፎቶ አንሺው አትሳቁ ብሎን ነበር። እሱ ግን አልቻለም።» ጣታቸውን በላስቲኩ ላይ ጥቁሩ ጋ አሳረፉ። «እዚህ ውስጥ እየሳቀ ነው።»

ሁሉንም ጻፍኩት። ጉዳት ከሚለው ስደርስ እጄ እንደ ልማዱ ሄደ፦ የአንድ ሰው ፊት ጠፍቷል። ማን እንዳጠፋው...

ከትከሻዬ በላይ ሆነው ያነቡ ነበር።

«ይታወቃል በል» አሉኝ።

ጻፍኩ።

«ስሜንም።»

«ሻምበል ልበል?»

«ንዋይ ይበቃል።»

ሳሌም የሥራ ጃኬቷን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ በመኪኖቹ መሐል ስትመጣ ታየችን። ጋሽ ንዋይ ፎቶውን ፖስታው ውስጥ ከተቱና ዝናብ እንዳይነካው ከኮታቸው ሥር አድርገው ወጡ። ቫኑን ከፍተው ከጎናቸው አስቀመጧት፤ ፖስታውንም ሰጧት። ፎቶውን አላወጣችም። ቀድማ የፖስታውን ጽሑፍ ማንበብ ጀመረች።

አንድ ባለመኪና ትኬቱን ዘርግቶ ክላክስ አደረገብኝ። ተቀብዬው ሳበቃ ዞር ብዬ አየሁ። ሞተሩ ይሠራል፣ የቫኑ መስታወት በእንፋሎት ተሸፍኗል። ቫኑ ግን አልተነሳም።