የትርንጎ እጅ በብርነሽ ካርድ

ሁለተኛው ራጅ የብርነሽ እጅ አልነበረም። ይህን ያወቅሁት ራጁ ከተነሳ ከሰባት ሳምንት በኋላ ነው።

ሥራዬ ቁርጥማት ያለባቸውን ሰዎች የእጅ አጥንት መለካት ነው። በሽታው መገጣጠሚያ ማሳበጥ ብቻ አይበቃውም፤ አጥንቱንም ውስጥ ውስጡን ያሳሳዋል። ዓይን አያየውም፤ ራጅ ያየዋል። መዳፍ ውስጥ፣ ከሌባ ጣት ሥር ያለውን አጥንት ወገቡ ላይ እይዝና የሁለቱን ጎን ግድግዳ ውፍረት ደምሬ እጽፋለሁ። አንድ ታካሚ ጥናቱ ሲጀመር አንዴ፣ ዓመት ሲሞላው ደግሞ አንዴ ይለካል። መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱ የሚታወቀው በልዩነቱ ነው። ታካሚዎቹ ስልሳ ሁለት ናቸው፤ መድኃኒቱን በነፃ የሚያገኙትም ጥናቱ ውስጥ እስካሉ ድረስ ነው።

የብርነሽ የመጀመሪያ ልክ ሦስት ነጥብ ስድስት ሚሊሜትር ነበር። ሁለተኛው አራት ነጥብ ስምንት ሆነ። በአርባ ስምንት ዓመት ሴት እጅ ላይ በአንድ ዓመት ይህን ያህል አጥንት አይበቅልም። ራሴን ተጠራጥሬ ሦስት ጊዜ ለካሁ። ከዚያ ሁለቱን ራጆች ጎን ለጎን ከፈትኋቸው። በመጀመሪያው ላይ አራቱም ጣቶች ወደ ትንሿ ጣት በኩል ተጣመዋል። በሁለተኛው እንደ ሸምበቆ ቀጥ ብለዋል። ደወልሁላት።

ከዳባት በላይ ካለው መንደሯ በማግስቱ ጎንደር ገባች፤ ታናሽ እህቷ ትርንጎም አብራት መጣች። ወንበር እንኳ ሳልሰጣቸው ጠየቅሁ።

«እትዬ ብርነሽ፣ ግንቦት ላይ ራጅ የተነሳው ማን ነው?»

«እኔ ነኛ!» አለች ትርንጎ፣ ምንም ሳታፍር። «ምነው? አልወጣም እንዴ?»

«በጣም ሸጋ ሆኖ ወጥቷል። ችግሩ እሱ ነው።»

ብርነሽ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። «ሱባኤ ይዤ ነበር፣ እስከዳር ልጄ። ጠበል ገብቼ ሱባኤ እንዴት አቋርጣለሁ? ቀጠሮው መሃሉ ላይ ዋለ። ካርዱን ለሷ ሰጠኋት።»

«የአንድ እናትና አባት ልጆች ነን፤ አጥንታችን አንድ ነው ብዬ ነው» አለች ትርንጎ።

«አንድ አይደለም። ያንቺ ይወፍራል።»

«ውኃውም እንጨቱም አጨዳውም በኔ ነው። ይወፍር እንጂ!»

ብርነሽ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

«ለምን ደውለሽ መምጣት አልችልም አላልሽኝም?»

«አንቺው አይደለሽ እንዴ ያልሽው? ሁላችንንም ሰብስበሽ፣ ጣትሽን እየነቀነቅሽ፣ ‹በቀጠሮው ያልመጣ መድኃኒት የለውም› ያልሽን?» አለች ብርነሽ።

ብዬ ነበር። የጥናቱ ደንብ ግን እንዲያ አይልም። በቀጠሮው ያልመጣ ሰው ልኩ ባዶ ይተዋል፣ መድኃኒቱ ይቀጥላል ነው የሚለው። እኔ ያንን ያልሁት ሰው ቀጠሮ እየዘለለ ስላሰለቸኝ ነው። ሠርቶልኛልም፤ ከዚያ ወዲህ የቀረ የለም። መድኃኒት የሚያስቆመው የሌላ ሰው ራጅ ማስገባት ነው። ይህኛው ደንቡ ላይ አለ።

ለሁለቱም እንዳለ ነገርኋቸው።

ትርንጎ ወደኔ ጠጋ አለች። «ታዲያ ራጁ ተበላሽቷል በይና ጣይው። ማን ያውቅብሻል?»

«አልተበላሸም።»

«አንቺ ስትዋሺ ሥራ ነው፣ እኛ ስንዋሽ ጥፋት?»

ብርነሽን ወደ ራጅ ክፍል ወሰድኋት። መዳፏ አልዘረጋ ስላለ የአሸዋ ከረጢት ጫንንበት። አላቃሰተችም። ልኩ ሦስት ነጥብ ሁለት ወጣ። እሱን ጻፍሁ። ከሥሩ የትርንጎን ራጅ ነገር፣ ከዚያ ሥር ደግሞ እኔ ለታካሚዎቹ ያልሁትን ጻፍሁ። ለጥናቱ ኃላፊ ለዶክተር ክንዱ ደውዬም አነበብሁለት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«የጥናቱ ኮሚቴ እስኪያየው ድረስ መድኃኒቷ ይቁም» አለ። «ሁለት ወር ይፈጃል። ያንቺንም ነገር ያኔ እናየዋለን።»

ለብርነሽ ሁለት ወር አልኋት።

«ሁለት ወር ሙሉ ጣቴ ይጠብቀኛል?»

ቁጥሩ ፊት ለፊቴ ስክሪኑ ላይ ነበር። መድኃኒቱን እየወሰደች እንኳ በዓመት ዜሮ ነጥብ አራት ሄዶባታል።

«አይጠብቅም» አልሁ።

ራሷን ነቀነቀች። ካርዱን በሁለት መዳፏ መሃል ይዛ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። ትርንጎ እያጉረመረመች ቀድማ ወጣች። ብርነሽ ደጃፉን ስታልፍ በሩን ልዘጋላት ብድግ አልሁ።

«ተይው» አለች።

የነጠላዋን ጫፍ በእጀታው አሾለከች፤ በክንዷ ላይ ጠመጠመችና በሩን ወደ ራሷ ስባ ዘጋችው።