የፍልፈሉ ባለቤት

ሰው በድንበር ይከሰሳል፣ በበሬ ይከሰሳል፣ በስድብ ይከሰሳል። እኔ ድንቅቱ ግን በዚህ ዕድሜዬ፣ እዚህ አምቦ ከተማ ውስጥ፣ በፍልፈል ተከሰስኩ። አትሳቁ! ሽማግሌ ተቀምጦብኛል እኮ ነው የምላችሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከባለቤቴ ነው። ተሬፋ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የሐሮ ወንጪ ልጅ ነበር። ስንጋባ ከእናቱ ጓሮ ቀይ ድንች ይዞ መጣ፤ ልጣጩ ቀይ፣ ውስጡ ቢጫ፣ ሲቀቀል እንደ ዱቄት ፍርክርክ የሚል። አሁን ወንጪም ሰው ሁሉ ያንን ትልልቅ ነጭ ድንች ነው የሚተክለው፤ የእናቱ ዘር ከእኔ ጓሮ በቀር የትም የለም። ተሬፋ ሊሞት ሰሞን እጄን ይዞ "ድንቅቱ፣ የእናቴን ዘር አደራ" አለኝ። ሰው ሲሞት ስለ ልጁ ስለ ቤቱ ይናዘዛል፣ የእኔ ባል ስለ ድንች ተናዘዘ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተናድጄ ነበር። ግን አደራ አደራ ነው። ጎረቤት ለምኖኝ አልሰጠሁም፤ ለገዛ እህቴም አልሰጠሁም። ዘር ከቤት ከወጣ በረከቱም አብሮ ይወጣል ሲባል ነው ያደግኩት። ቆንቋና ያለኝ ይበለኝ።

እኔ ለሰው የነፈግኩትን ፍልፈል ሊጨርሰው ተነሳ። ሁለት ዓመት በላይ በላዩ ከሥር ገባብኝ። ጠዋት ስወጣ ድንቹ አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል፤ ሳብ ሳደርገው ሥር የሌለው እንጨት ሆኖ እጄ ላይ ይቀራል። አጠንኩት፣ ውሃ ለቀቅኩበት፣ በርበሬ ነሰነስኩበት፣ ወጥመድ አኖርኩለት። ወጥመዱን አፈር አልብሶት በጎን አለፈ። በመጨረሻ ከዚያ ሁሉ ዘር አንድ ሰሃን የማይሞላ ድንች ቀረኝ። ያን ቀን ጓሮ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ልጄ ሴና እንጭኒ ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው። ነገሬን ሰምታ በቴሌግራም ቪዲዮ ላከችልኝ፤ ሰዎች ድንችን በጆንያና በባልዲ ሲያበቅሉ። እኔም የድሮ ቆርቆሮ መሬት ላይ አነጠፍኩ፣ ድንጋይ ደረደርኩበት፣ በላዩ ላይ የማዳበሪያ ጆንያዎች፣ የተሰነጠቀ በርሜልና የሚያፈስ ባልዲ አቆምኩ። ውሃ እንዲወጣ ሥራቸውን በሳሳሁ፤ አፈር፣ ፍግና አመድ አቀላቅዬ ሞላሁና ያችን የቀረችኝን ዘር ቀበርኩ። ግንዱ ወደ ላይ ባለ ቁጥር አፈር እጨምርለታለሁ። ፍልፈሉ ቆርቆሮ ይብላ!

ጎረቤቴ ኦቦ ጃርሶ የሒሳብ መምህር የነበረ ሰው ነው። ጴንጤ ነው፤ አይጠጣም፣ አያጨስም፣ ሰው ማረም ግን አልተወም። አጥሩ ላይ አገጩን አስደግፎ ያየኝና "ድንቅቱ፣ ድንች ጆንያ ውስጥ የሚገባው ከተቆፈረ በኋላ ነው" ይለኛል።

"ጡረታ ወጥተህም ታርመኛለህ?" እለዋለሁ።

የእሱ ድንች መሬት ላይ ነው፤ መስመሩ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ታዲያ ፍልፈል ሞኝ አይደለም። እኔ ጋ ሲያጣ አጥሩን በሥር አልፎ ወደ ጃርሶ ገባ። አንድ ጠዋት ጃርሶ የድንች ግንድ በእጁ አንጠልጥሎ ደርቆ ቆሟል። "እሰይ!" አልኩ። በልቤ ማለቴ ነበር፤ አፌ ቀደመኝና ሰማኝ።

በሳምንቱ ሽማግሌ ላከብኝ። ክሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? "ፍልፈሉ የድንቅቱ ነው። ምግቡን ቆርቆሮ ላይ ሰቅላ እኔ ላይ ሰደደችብኝ። ካሳ እንዲሆነኝ ጆንያዎቹን ግማሹን ትስጠኝ" የሚል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ጥርስ የማያስከድን ሰው ቢልብኝ እስቅ ነበር፤ ጃርሶ ግን አልሳቀም። ፊቱ ገርጥቶ፣ ዓይኑ ጆንያዎቼ ላይ ተተክሎ ነበር። ተሬፋ አደራ ያለኝን ዘር ለዚህ ሰው?

ቅዳሜ ጃርሶ ግቢ አግዳሚ ላይ ተሰየምን። በእሱ በኩል ኦቦ ሌንጮ፣ በእኔ በኩል ኦቦ ጉዩ፤ ሁለቱም የተከበሩ አዛውንት ናቸው። በኦሮምኛ መረቁን፣ ከዚያ "የምንለውን ትቀበላላችሁ?" ብለው አስቀድመው ቃላችንን ያዙ። ሽማግሌ ፊት ቃል ሰጥቶ ማፍረስ በእኛ አገር ከቀብር እንደ መቅረት ነው። እኔም የሚፈርዱልኝ መስሎኝ ሰጠሁ።

ኦቦ ሌንጮ ጀመሩ። "ፍልፈሉ ድሮ የት ነበር?"

"እኔ ጋ" አልኩ።

"የማንን እየበላ?"

"የእኔን ነዋ!"

"እንግዲህ ሁለት ዓመት የተቀለበ እንስሳ የማን ነው? የቀላቢው ነው።" ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አደረጉ። "ድንቅቱ፣ ግማሹን ስጪው።"

የእኔ ሽማግሌ ተብዬው ኦቦ ጉዩም ራሳቸውን ነቀነቁ። ጎረቤት አይጣላ፣ ተካፈሉ፣ ያው የተለመደው ፍርድ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ግን እኔም የተሬፋ ሚስት ነኝ፤ እሱ ጋር ስከራከር ነው ያረጀሁት።

"እሺ" አልኩ። "ተቀብያለሁ። ፍልፈሉ የእኔ ነው።"

ጃርሶ አፉን ከፈተ።

"አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፣ ኦቦ ሌንጮ። ዶሮዬ ሰው ጓሮ ገብታ እንቁላል ብትጥል፣ እንቁላሉ የማን ነው?"

"ያንቺ ነዋ።"

"ላሜ ሰው በረት ብትወልድ፣ ጥጃው?"

"እሱም ያንቺ።"

"እንግዲያው ፍልፈሌ እዚህ ጓሮ ያከማቸው ድንች የእኔ ነው። ፍልፈል ጎተራ እንዳለው ታውቃላችሁ። ቆፍሩልኝና ንብረቴን ልውሰድ!"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ኦቦ ጉዩ ጢማቸው ውስጥ ሳቁ። ጃርሶ ግን ብድግ አለ። "አይቆፈርም! ክሱን ትቻለሁ። ላኪሳ! ተዉት እኮ ነው የምለው! ጆንያዋንም አልፈልግም!"

"ቃል ሰጥተሃል" አሉት ኦቦ ሌንጮ ራሳቸው። ፈራጁ ዳኛ በገዛ ፍርዱ ተይዟል፣ ምን ያድርግ። ኦቦ ጉዩ ጋቢያቸውን አውልቀው አጥር ላይ ሰቀሉና ዶማ አነሱ። ጉድጓዱን ተከትለው ያንን በማስመሪያ የተሰመረ ጓሮ እያገላበጡ ሄዱ። ጃርሶ በየዶማው ሸምቀቅ ይላል። መስመሮቹ አሳዝነውት ነው ብዬ ደስ አለኝ፤ ክፋቴ!

መሐል ላይ ሲደርሱ ዶማው ባዶ መታ። ደረቅ ሣር የተጎዘጎዘበት ጎጆ፣ ከጎኑ የተቆለለ ድንች። ተንበርክኬ እጄን ሰደድኩ። ነጭ ወጣ። ነጭ ወጣ። ከዚያ ቀይ ወጣ። በጥፍሬ ፋቅ አደረግኩት፤ ውስጡ ቢጫ፣ የዘንድሮ ትኩስ ነው፤ የእኔ ደግሞ ቆርቆሮ ላይ ነው ያለው።

"ሌባ!" አልኩ። ጩኸቴ ሁሉቃ ወንዝ ማዶ ሳይሰማ አልቀረም። "ፍልፈል እያልኩ የማማው አንተን ኖሯል!"

ጃርሶ አፈሩ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። "አልሰረቅኩም" አለ። "ተሬፋ ነው የሰጠኝ።"

"የሞተ ሰው ላይ አትዋሽ!"

"ሊሞት ሰሞን ነው። በዚያ አጥር ቀዳዳ በጣሳ አቀበለኝ። 'ድንቅቱ እንዳትሰማ' አለኝ። 'እሷ አጥብቃ ትይዘዋለች፣ ግን አንድ ቦታ ብቻ ያለ ነገር አንድ ቀን ይጠፋል። የእሷ ቢጠፋ ትመልስላታለህ። እስከዚያ እንዳትተነፍስ፣ ሁለታችንንም በምላሷ ታቃጥለናለች።' ይኸው በነጩ መሐል ደብቄ እተክለዋለሁ። ዘንድሮ ፍልፈሉ ጨረሰው። አደራ በላ ሆንኩ። ብለምንሽ ዘር አትሰጪም፤ እንዳልነግርሽ ቃል ገብቻለሁ። ምን ላድርግ? ከሰስኩሽ።"



"አንተ ተሬፋ!" አልኩ ወደ ሰማይ ቀና ብዬ። "እኔ አልጋህ ሥር ሳለቅስ አንተ በአጥር ቀዳዳ ድንች ታሻግራለህ?" ሳቄ መጣ። ሳቅኩ፣ ሳቅኩ፣ መሐል ላይ እንባ ሆነብኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ናፍቄው አንድም ቀን እንደዚያ አጠገቤ የቆመ መስሎኝ አያውቅም። ጃርሶም አብሮኝ አለቀሰ።

ይሄኔ ፍልፈሉ ብቅ አለ። "ያውና!" ብለው ኦቦ ሌንጮ ጮኹ፣ ኦቦ ጉዩ ዶማቸውን ሰነዘሩ፣ አንድ ነጭ ድንች ለሁለት ሰነጠቁ። ፍልፈሉ አፈር ውስጥ ጠለቀ።

"ድንቅቱ፣ ንብረትሽ አመለጠ" አሉኝ ኦቦ ጉዩ።

ፍርዱን ሳልጠብቅ ቤቴ ገብቼ ትርፍ ቆርቆሮና ባዶ ጆንያ ይዤ ተመለስኩ። በዚያ ሰው መሬት ያለው የተሬፋ ዘር ነው፤ ለፍልፈል አልተውለትም። "ሥሩን ብሳው! አፈሩን አትጠቅጥቀው! ግማሽ ድረስ ብቻ ሙላ፣ ቀሪውን ሲያድግ ነው!" እያልኩ አስተማሪውን አስተማርኩት። ጃርሶም እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ እሺ እሺ እያለ ሠራ።

ከጎተራው የወጣችውን ቀይ ድንች ሁሉ ጆንያ ውስጥ ከቀበርን በኋላ እጁን አራግፎ ቀና አለ። "ድንቅቱ፣ ተሬፋ እኮ ጥንቁቅ ሰው ነበር። ለእኔ ብቻ ሰጥቶ ዝም የሚል ይመስልሻል?"

ዘወር አልኩ። ኦቦ ጉዩ ጋቢያቸውን ከአጥሩ አንስተው፣ ማንንም ሳይሰናበቱ፣ በሩ ጋ ደርሰዋል።

"ኦቦ ጉዩ!" አልኳቸው። "እስቲ መለስ ብለው ይቀመጡ።"