የደንገጎ ዝናብ

ካልቱን በዝናቡ መሀል እየሮጠች መጥታ መንገድ ዳር የቆመውን የፊያት ካሚዮን በር በሁለት እጇ ደበደበች።

"አቦ ኩልሚዬ፣ አሁኑኑ ወደ ድሬ ውሰደኝ። ባሌ ፍየል ሊሸጥ ወርዶ ደቻቱ አሸዋ ላይ ነው።"

ሹፌሩ ኩልሚዬ መስኮቱን ዝቅ አደረገ። "በየት በኩል? ድልድዩን ውሃ ወስዶታል። ከዚያው ነው የተመለስኩት፣ ወላሂ።"

"በእግሬስ?"

"አንቺ ሳትደርሺ ጎርፉ ይደርሳል።" ይህን ብሎ ፊቱን ወደ መሪው መለሰ።

ደንገጎ ተራራው ጫፍ ላይ የተለጠፈች አንድ ረድፍ ቤት ናት። ሐረርና ድሬ ዳዋ የሚመላለሱ ሹፌሮች ሞተር ያበርዱባታል፣ ጫት ይገዙባታል፣ ስሟን እንኳ ሳይጠይቁ ይሄዳሉ። ለድሬ ሰው ምኑም አይደለችም፤ እሷ ላይ የዘነበው ሁሉ ግን በደቻቱ ወንዝ ወርዶ ከተማውን መሀል ለመሀል ሰንጥቆ ያልፋል። ወንዙ ደርቆ ስለሚከርም የገጠር ሰው ከብቱን አሸዋው ላይ አስሮ ይገበያያል፣ ቀትር ሲሆንም እዚያው ጋደም ይላል። እላይ ሲዘንብ እታች ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ውሃው ሳይነግር ይመጣል።

ይህ ዝናብ ደግሞ ተለምኖ የመጣ ነው። ሁለት ክረምት ዝናብ ቀርቶ፣ ከብቱ አልቆ፣ አገሩ ዱዓ ተቀምጦ ነበር። ዱዓ የተያዘ ቀን እያንዳንዱ ቤት ማድጋውን አፉን ከፍቶ ደጅ ያቆማል። የመጣውን ዝናብ ማማረር ሐራም ነው፤ ማድጋ መድፋትማ ዝናቡን ሂድልኝ ማለት ነው። ደፍቶ የሚያውቅ ሰው የለም። የሴቶቹን ዱዓ የመራችው የካልቱን አማት ሃዎ ነበረች።

ካልቱን ስትመለስ ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ወጥቶ እየረጠበ ይስቃል። ሳቁን ጠላችው።

"አዮ፣ መንገዱ ተቆርጧል" አለቻት ሃዎን። "ልጅሽ ዋይስ ይሄኔ አሸዋው ላይ ተኝቶ ይሆናል።"

"በዱዓ በመጣ ዝናብ አይለቀስም። ዋይስ ጎርፍ ያውቃል።"

"ፍየሎቹን ጥሎ እንደማይሮጥስ አታውቂም? የቀሩን እነሱ ናቸው።"

ከሸለቆው ድንጋይ የሚያንከባልል የውሃ ድምፅ ይሰማ ጀመር። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ ካልቱን ግን ይህን ዝናብ ለምናዋለች እንጂ አልፈራችውም ነበር። ያንገበገባትም እሱ ነው።

ወደ ደጇ ሄዳ፣ ሊሞላ የደረሰውን ማድጋ ባንገቱ ያዘች። የሚስቀው ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ሃዎ ደርሳ እጇን ያዘቻት።

"ተዪው። ያንቺን ውሃ ልጆችሽ ይጠጡታል።"

የካልቱንን ጣቶች አንድ ባንድ ከማድጋው አላቀቀች። ከዚያ ወደ ራሷ ደጅ ተሻገረችና፣ ቀና ብላ ማንንም ሳታይ፣ የራሷን ማድጋ ደፋችው።