ተመልሳ የምታርም ጣት

በፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት የእሷን ያህል የሚፈጥን ታይፒስት የለም። ዳኛው ተናግሮ ሳይጨርስ እሷ ጽፋ ጨርሳ ትጠብቀዋለች። ባልደረቦቿ «መብረቅ» የሚል ስም አውጥተውላታል፤ እሷም ስሙን አልጠላችውም። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ጊታር የገዛች ዕለት የፈራችው ሌላ ሌላውን ነበር፤ ኤሌክትሪኩ እንዳይዛት፣ ጎረቤቱ እንዳይጮህባት፣ «በዚህ ዕድሜሽ ምን ነካሽ?» እንዳትባል። ፍጥነቱንማ ከነጭራሹ አላሰበችውም። ጣት እንደሆን የእሷ ጣት እሳት የላሰ ነው!

ያ ሁሉ ትምክህት በአንድ ሳምንት ውስጥ ውሃ በላው።

ነገሩ የመጣው በታናሽ ወንድሟ ነው። ወንድሟ ከሥራ መልስ በሠራተኞች ክበብ ውስጥ በሚጫወት አንድ ትንሽ ባንድ ድራም ይመታል። መሥሪያ ቤቱ ወደ ሩቅ ከተማ ሊያዛውረው መሆኑን በነገራት ማታ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ስታስበው፣ ይህን ልጅ አሳደገችው እንጂ አንድም ቀን አብራው ተጫውታ አታውቅም። ጫማውን አስራለታለች፣ አፍንጫውን ጠርጋለታለች፣ የሒሳብ ደብተሩን እያየች ጆሮውን ቆንጥጣዋለች። ኳስ ይዞ ሲመጣ ግን ሁልጊዜ ሥራ ነበራት። አባታቸው ከሞተ በኋላ ማን ይሥራ? እንግዲህ ልጁ ጓዙን ሸክፎ ሊሄድ ነው። ከመሄዱ በፊት አንድ ጊዜ፣ አንዲት ዘፈን ብቻ፣ ከእሱ ጋር መጫወት ፈለገች። የባንዱ ጊታር ተጫዋች ጥሎ በመሄዱ ቦታውም ክፍት ነበር።

የባንዱ አለቃ ቤዝ ጊታር የሚጫወት የጋራዥ መካኒክ ነው፤ ሰው ማባበል አይሆንለትም። «ያቺን ከዘፈኑ መሃል ያለችውን ሩጫ በፍጥነቷ ካወጣሻት፣ የወንድምሽን የመጨረሻ ዝግጅት የዛሬ ወር ቅዳሜ አብረሽን ትጫወቻለሽ» አላት። «ካልሆነልሽ አንድ ጊታር የሚችል ኤሌክትሪሺያን አለ፣ እሱን እጠራዋለሁ። በዚያው ሳምንት ሐሙስ ልምምድ ላይ እንተያያለን።»

ሩጫ የሚሏት ጊታሩ ቀድሞ ድራሙ የሚከተለው አንዲት አጭር ሐረግ ናት። ዝግ ብለው ቢጫወቷት ሕፃን ልጅም ያወጣታል። ስልኳ ላይ ምት የሚቆጥር ነገር ጭና ቀስ ብላ ስትጀምር ጥሩ ነበር። ጥቂት ስትጨምር አሁንም ጥሩ ነበር። ትንሽ ጨምራ፣ የግራ እጇ ትንሿ ጣት ከወፍራሙ ክር ወደ ቀጭኑ የምትሻገርበት ቦታ ስትደርስ ግን ጣቷ ትስታለች። ትመለሳለች፣ ታስተካክላለች፣ ትቀጥላለች። እንደገና ትስታለች፤ እንደገና ትመለሳለች። ስልኩ ደንታም ሳይሰጠው ቂው ቂው እያለ ጥሏት ይሄዳል። አንድ ቀንማ አንስታ ትራሱ ላይ ወረወረችው። ትራሱ ላይም ሆኖ ቂው ቂው ይላል፣ አይ የእሱ ነገር!

እልህ ተያያዘች። ከሥራ በፊት፣ ከሥራ በኋላ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ጠረጴዛውን በጣቶቿ እየደበደበች ተለማመደች። የጣቶቿ ጫፍ መጀመሪያ ቆሰለ፣ ቀጥሎ ደነደነ፤ ከዚያ ኪቦርዱ እንኳ የሰው ንብረት መሰላት። ዳኛው ከመነጽሩ በላይ አሻቅቦ አያት። መብረቅ ተብዬዋ እዚህም ልትዋረድ ሆነ። ፍጥነት የሌለው ሰው ፍጥነት ቢያጣ ምን ይገርማል፣ እሷ ግን ያላትን የት ጣለችው?

እናቷ ከማድ ቤት ሆነው ይሰማሉ። አንድ ቀን ሽንኩርት እየከተፉ፣

«የኔ ልጅ፣ ይሄ ዘፈን መጨረሻ የለውም እንዴ?» አሉ።

«አለው እማዬ።»

«እሺ፣ እኔማ ሁልጊዜ እዚያችው ቦታ ላይ ሲደርስ የሚመለስ መስሎኝ ነው።»

«እማዬ፣ እባክሽ ተይኝ!» ብላ በሩን ድርግም አደረገችው። ወዲያው ጸጸታት፤ ግን ይቅርታ ለመጠየቅም አቅም አልነበራትም።

ሐሙስ ደረሰ። የክበቡ አዳራሽ የፕላስቲክ ወንበሮች እየተነባበሩ የቆሙበት፣ የጠረጴዛ ቴኒሱ ግድግዳ ተደግፎ የተቀመጠበት ባዶ ክፍል ነው። ገመዱን ሰካች፣ ድምፅ ማጉያውን ከፈተች። ወንድሟ በድራሙ ጀርባ ሆኖ «አይዞሽ እታለም» በሚል ዓይን አያት።

ጀመሩ። ሩጫዋ መጣች። ጣቷ ሳተች። ወንድሟ ወዲያው መምታቱን አቆመና ጠበቃት።

«ይቅርታ፣ እንደገና» አለች።

እንደገና ሳተች። እንደገና አቆመላት። ፊቱ ላይ ቁጣ ቢኖር ይሻላት ነበር፤ እሱ ግን ፈገግ ብሎ፣ በትሮቹን አቅፎ፣ ጫማዋን እስክታስር እንደሚጠብቅ ሰው ይጠብቃታል። ይሄ ከሁሉ በላይ ቆሽቷን አሳረራት። መካኒኩ አንዴ ጣሪያውን፣ አንዴ ሰዓቱን ያያል። ደጋግመው ሞከሩ፤ ዘፈኑ ሩጫዋን አልፎ መሄድ አቃተው። በመጨረሻ መካኒኩ ቤዙን አውርዶ ስልኩን አወጣና እዚያው ፊቷ ለኤሌክትሪሺያኑ ደወለለት።

«ቅርብ ነው፤ እየመጣ ነው» አለ። «አትቀየሚኝ።»

«አልቀየምም» አለች። ተቀይማለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከእልኋ የተነሳ ብቻዋን ያቺኑ ሩጫ ደገመቻት፤ ሳተች፤ ያኔ የቀኝ እጇን አየችው።

የክር መምቻውን በአውራ ጣቷና በአመልካች ጣቷ ይዛለች። ትንሿ የቀኝ ጣቷ ግን ከሌሎቹ ተነጥላ ተዘርግታ የጊታሩን እንጨት ጠቅ አደረገችው። እንደገና ሳተች፤ ጣቷ እንደገና ጠቅ። ኪቦርዱ ላይ የማጥፊያዋ ቁልፍ ያለችው እዚያ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ጊታሩ ላይ የማጥፊያ ቁልፍ ስትፈልግ ኖራለች! የተሳሳተውን ድምፅ አጥፍታ፣ አስተካክላ፣ ማንም ሳያይባት ልትቀጥል! መሥሪያ ቤት ውስጥ መብረቅ ያሰኛት ይኸው ነው፤ ስህተቷን ከሰው ሁሉ ቀድማ ማጥፋቷ። ድምፅ ግን አንዴ ከወጣ ምን ይጠፋል? ስትለማመድ የከረመችው መሮጡን ሳይሆን ቆሞ መመለሱን ነበር፤ እሱንም እንደ ጉድ ተክናበታለች።

«ምን ሆንሽ?» አላት ወንድሟ።

«ምንም። አንድ ጊዜ እንጫወት፤ ሰውየው እስኪመጣ።»

«እሺ እታለም። ቀስ ልበልልሽ?»

«ቀስ እንዳትል! ብሳሳት እንዳታቆምልኝ። ሰማኸኝ? ጥለኸኝ ሂድ።»

«እንዴት ጥዬሽ እሄዳለሁ?»

«ሂድ አልኩህ እኮ!» ጮኸች። ልጅ ሳለ ጆሮውን ስትቆነጥጠው እንዲህ ነበር ድምፅዋ።

መካኒኩ ትከሻውን ነቅንቆ ቤዙን መልሶ አነገተ። ጀመሩ። ሩጫዋ መጣች፣ ጣቷ እንደ ልማዷ ሳተች፣ ትንሿ የቀኝ ጣቷ እንጨቱን ጠቅ አደረገች። ድራሙ አልቆመም። አስቀያሚው ድምፅ አዳራሹ ውስጥ እንደ እህል ተሰጥቶ ቀርቷል፤ የሚያነሳው የለም። ጥርሷን ነክሳ ትታው ዘለለች፤ ያመለጧትን ድምፆች ረግጣ፣ የደረሰችበትን ይዛ ሮጠች። ንዴቷ ሁሉ ወደ ጣቷ ወረደ። የወንድሟ በትሮች ሲጣደፉ ይሰማታል፣ ቤዙ ሲያጉረመርም ይሰማታል፤ የመጨረሻዋ ምት ላይ ሦስቱም እኩል ወደቁ። ዘፈኑ አለቀ።

ኤሌክትሪሺያኑ ጊታሩን በጀርባው አዝሎ በር ላይ ቆሟል። ስንት እንደሰማ አላወቀችም።

«ቅዳሜ እሱ ነው» አለ መካኒኩ፣ አሁን ለስለስ ብሎ። «ሌላ አንድ ወር ቢኖርሽ ኖሮ…»

«አውቃለሁ» አለች። አንድ ወርማ የላትም። ነገሩ የገባት ቀን ጊዜው ያለቀበት ቀን መሆኑ አበገናት፤ ጊታሩን ወለሉ ላይ መከስከስ አማራት።

ወንድሟ ከድራሙ ጀርባ ተነሳ። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ ግንባሩን ላብ አጥምቆታል። እንደ ሕፃን አኩርፎ፣

«እታለም፣ ቀደምሽኝ እኮ!» አላት። «ልደርስብሽ ስሮጥ ልሞት ነበር!»

ፊቷን ወደ ማጉያው አዙራ ገመዱን ነቀለችና ለኤሌክትሪሺያኑ አቀበለችው። እንባዋን የጠረገችው በደነደነው ጣቷ ነው፤ ቆዳው ፊቷን ከረከራት። ንዴቷ ግን እስከ ቅዳሜ፣ ከቅዳሜም በኋላ አልበረደላትም።