እሬት የነካ እጅ

ባሌ አረጋ ወጌሻ ነበር። በላስታ ከነአኩቶ ለአብ ገዳም በታች ባለው አገር እጁ የወለቀ፣ እግሩ የተሰበረ ሁሉ እሱ ዘንድ ነው የሚመጣው። በሬም ያክማል፣ በቅሎም ያክማል። ውሻ ግን ነክቶ አያውቅም። ስለዚህ ውሻችንን ዳማን ተሸክሜ፣ ደም በደም ሆኜ ደጃፉ ላይ ስቆም መጀመሪያ ያየው እኔን ነው። የት እንደ ተመታሁ ሊፈልግ ትከሻዬን ይዳብስ ጀመር።

«እኔ ደኅና ነኝ። እሱን እይልኝ» አልኩት።

«ውሻውን?»

«አዎ፣ ውሻውን። ምነው፣ ጆሮህን መታህ እንዴ?»

ስደነግጥ እንዲህ ነኝ፤ አፌ ልጓም የለውም። አረጋ ያውቀኛል፣ አልተቀየመኝም።

ድርቁ የጸናበት ሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነው። ውሃ ልቀዳ ስወርድ ዳማ እንደ ልማዱ ከፊት ከፊቴ ይሄዳል። ጠጉሩ እንደ ዳማ ፈረስ ቀላ ያለ ስለሆነ ነው ስሙን ያወጣንለት። ምንጩ ጋ ሳንደርስ ከማዶ ተኩስ ተከፈተ። በዚያን ጊዜ ተኩስ እንግዳ አልነበረም፤ ማን በማን ላይ እንደሚተኩስ አንጠይቅም፣ መሬት ይዘን እስኪያልፍ እንጠብቃለን። ዳማ ግን መሬት መያዝን ማን አስተምሮት! ከፊቴ ቆሞ ወደ ማዶ ይጮኻል። ጥይቷ እሱን ባታገኘው እኔን ነበር የምታገኘው። አረጋ «ጥይቷ ወዴት እንደምትሄድ ነግራሻለች?» እያለ ያሾፍብኝ ነበር። ያሹፍ። እኔ አውቃለሁ፤ የኔን ጥይት ነው የወሰደልኝ።

አረጋ ጥቂት አመነታ። የፈራው ሰውን ነው። «የውሻ ወጌሻ ካሉኝ ልጁን ማን ያመጣልኛል?» አለ።

«እንግዲያው ለማንም አትንገር» ብዬ በሩን ዘጋሁት።

ለበዓል ያስቀመጥናት ትንሽ አረቄ ነበረች። አረጋ በውሃ አቅጥኖ ዳማ ጉሮሮ ውስጥ አንቆረቆረለት። አፉን በጨርቅ አሰርነው። አረጋ ምላጩን በእሳት ለበለበ፤ እኔ የዳማን አንገት አቅፌ ተኛሁበት። ጥይቷ ከአከርካሪው ጎን ተወሽቃለች። ጀርባውን ከፍቶ፣ እሾህ በምናወጣበት ወረንጦ እየፈለገ፣ ላቡ ቁስሉ ላይ እንዳይንጠባጠብ ግንባሩን በክንዱ ይጠርጋል። ዳማ በታሰረ አፉ ያቃሰተው ማቃሰት እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ጥይቷ ስትወጣ አረጋ አመዱ ላይ ወረወራት፤ ከዚያም ቁስሉን በጨው ውሃ አጥቦ በፈረስ ጭራ ሰፋው።

«አሁን ሥራው ያንቺ ነው» አለኝ። «አከርካሪው አልተቆረጠም፤ ግን ተነክቷል። ሥጋው እስኪጋጠም እንዳይነሣ፣ እንዳይዘል። ከዘለለ እኔን እንዳትጠሪኝ።»

በኛ አገር ውሻ ቤት ውስጥ አይተኛም። እኔ ግን ከመደቡ ሥር ጎድጎድ አድርጌ ቆፈርኩለት። ጭድ አነጠፍኩ፣ እንዳይገላበጥ በግራና በቀኝ አሸዋ የሞላሁት ስልቻ ደገፍኩለት። የኋላ እግሮቹ የሱ አይመስሉም ነበር። ሽንቱም እምቢ አለው። አረጋ ሆዱን ከታች ቀስ አድርጌ እንዴት እንደምጫን አሳየኝና ጠዋት ማታ እየተጫንኩ አሸናው ነበር። ኋላ በራሱ የሸና ዕለት እልል ልል ብዬ አፌን ያዝኩ። በረሃብ ዘመን ለውሻ ሽንት እልል ያለች ሴት ብለው ስም እንዳያወጡልኝ።

የሕመሙ ነገር ነው ያስቸገረኝ። ጨው በገል አሙቄ፣ በጨርቅ ቋጥሬ፣ ከቁስሉ ራቅ አድርጌ ወገቡ ላይ አኖርለታለሁ። ሙቀቱ ሲሰማው ዓይኑን ይጨፍናል፤ ሲቀዘቅዝ ማቃሰት ይጀምራል፣ እንደገና አሞቃለሁ። ጨውም አረቄም የማይደርሱበት ሕመም ደግሞ አለ። ያን ጊዜ መዳፌን አገጩ ሥር አደርግለታለሁ። የጭንቅላቱን ክብደት ሁሉ ይጥልብኝና ትንፋሹ እየረጋ ይሄዳል። ክንዴ እስኪደነዝዝ እቀመጣለሁ። እውነቴን ነው፣ ለሰው እንዲህ ተቀምጬ አላውቅም።

ጥቂት ሻል ሲለው ቁስሉን መላስ አመጣ። ክሩን ከበጠሰው አለቀልን። ከደጄ እሬት ቆርጬ ቁስሉን ዙሪያውን ቀባሁት። እሬት የቆየ መሣሪያዬ ነው። ያን ጊዜ ትዳር ይዘው ተበትነው የነበሩትን ልጆቼን ጡት ያስጣልኳቸው በሱ ነው፤ አንዴ ቀምሰው፣ ፊታቸውን አጨማድደው፣ ሁለተኛ አልተመለሱም። ዳማም እንደነሱ አንዴ ላሰው። አስነጠሰው፣ እንደ ተቀየመ ሽማግሌ ፊቱን አዞረ። ከዚያ ወዲያ ቁስሉን አልነካም።

የሚበላ ነገር የለም። የምንቀምሰው የዕርዳታ ስንዴ ነው፤ እሱም በተገኘ ቀን። እኔ የጎረስኩ መስዬ በጉንጬ ይዤ እነሣና ዳማን አጎርሰዋለሁ። ለምግብ እንዳይነሣ ብዬ በእጄ ስለማበላው፣ ከእጄ ካልሆነ አልበላም ማለት ለመደ። አረጋ ቢያየኝ ይቆጣል ብዬ እፈራ ነበር። አንድ ቀን ጭዱን ስቀይር እኔ ያላስቀመጥኩት ንፍሮ አገኘሁ። ቀና ብዬ አረጋን ባየው ጣሪያውን ያያል።

«ጣሪያው ያፈሳል?» አልኩት።

«ዝናብ በሌለበት ምን ያፈሳል» አለና ወጣ።

የንስሐ አባታችን መምሬ ወልደ ጊዮርጊስ ሊጠይቁን መጥተው ዳማን ከመደቡ ሥር ሲያዩት ደጃፉ ላይ ቀሩ።

«ወለተ ሐና፣ ሰው በየመንገዱ እየወደቀ አንቺ ውሻ ታስታምሚያለሽ?»

«አባቴ፣ ሰው እንዳይወድቅ ብሎ እኮ ነው እንዲህ የሆነው» አልኳቸው። ጥይቷን ከአመዱ አንሥቼ አሳየኋቸውና የሆነውን ነገርኳቸው።

ጥይቷን ተቀብለው አገላብጠው አዩ። «በይ እንግዲህ፣ እግዜር ይማረው» አሉ። ለውሻ ምሕረት እንደ ለመኑ ትዝ ሲላቸው ደንግጠው አማተቡ።

ቁስሉ ሲጋጠም አረጋ «አሁን ይሞክር» አለ። መቀነቴን ፈትቼ በሆዱ ሥር አሳልፌ፣ የኋላ ጎኑን አንጠልጥዬ አቆምኩት። የፊት እግሮቹ ይሄዳሉ፣ የኋላዎቹ ይጎተታሉ። ከመደቡ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ መደቡ። ወገቤ ተቆረጠ፤ «አሁንስ ወጌሻ የሚያስፈልገኝ እኔ ነኝ» እያልኩ አማርራለሁ። አንድ ጠዋት መቀነቱ እጄ ላይ ቀለለኝ። ጎንበስ ብዬ ባይ፣ በአራት እግሩ ቆሟል። የኋላ እግሮቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ ግን ቆሟል። አረጋ ሳቀ። ከዘመኑ ክፋት የተነሣ የባሌን ሳቅ ረስቼው ነበር።

በዚያው ሰሞን ሰፈራ መጣ።

ገበሬ ማኅበሩ ሰብስቦን ስም ሲጠራ የአረጋ ስም ተጠራ። ወደ ምዕራብ፣ ዝናብ የማይጠፋበት፣ መሬቱ የሰባ አገር ትሄዳላችሁ አሉን። አንሄድም የሚባል ነገር የለም። ከሰው ጋር የሚጫነው ትንሽ ጓዝ ብቻ ነው፤ እንስሳ አይጫንም።  ወደ ቤት ስንመለስ አረጋ ደጃፍ ላይ ቆመና «ዳማን ልገላግለው?» አለኝ።

«ምን ብለህ?»

«መኪናውን ተከትሎ ይሮጣል፣ ወለቴ። አከርካሪው ገና ነው፤ ከሮጠ ይላቀቃል። መንገድ ላይ እየተጎተተ ከሚሞት በኔ እጅ ይሁን።»

እንደማይጨክን አውቃለሁ። እኔ ግን ወደ ጀውሀራ ሄድኩ። ጀውሀራ ከኛ በታች ብቻዋን የምትኖር ሙስሊም ጎረቤቴ ናት። አሮጊት ናት ተብላ ከሰፈራው ቀርታለች። ነገሩን ነግሬ ዳማን ያዢልኝ ስላት ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

«ለሀጩ የነካኝ እንደሆነ ለመስገድ መታጠብ አለብኝ። ውሃው ከየት ይመጣል ብለሽ ነው?» አለች።

«ሌላ ሰው የለኝም፣ ጀውሀራ።»

ሻሿን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ «እሱስ ነፍስ አይደል» አለች። «በውሃው ፈንታ በአፈር እታሻለሁ። ድርቁን አላህ ራሱ ያውቀዋል። አምጪው።»

አረጋ ጨው አሙቃ እንዴት እንደምታኖርለት፣ ገና እዥ በሚለው በቁስሉ ጫፍ እሬት እንዴት እንደምትቀባ አሳያት። ቢያንስ እስከ በልጉ ታስሮ እንዲቆይ ነገራት። እኔ ግን ገመድ ብቻ አልበቃኝም። ገመድ ይበጠሳል፤ ያን ቀን ዳማ እኔን ፍለጋ እንዳይወጣ ልቡ ከኔ መቆረጥ አለበት። ልቡን የምቆርጥበት ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው የማውቀው።

የምንሄድበት ጠዋት እሬት ቆርጬ ሁለቱን እጆቼን ቀባሁ። መዳፌን፣ የእጄን ጀርባ፣ በጣቶቼ መካከል ሁሉ። እንደ ልጆቼ አንዴ ይቀምሰኝና ፊቱን ያዙርብኝ፤ ይጥላኝ፣ እኔም ልሂድ፣ እሱም ይዳን። ጀውሀራ ደጃፍ ታስሮ ነበር። እጄን ዘረጋሁለት።

አሸተተ። አስነጠሰው። ቀና ብሎ ዓይኔን አየኝ። ከዚያ ላሰኝ።

ለሀጩ ይዝረከረካል፣ ከንፈሩ ይሸሻል፣ ዓይኑ ያለቅሳል። አንገፈገፈው፤ እያንገፈገፈው ላሰኝ። መዳፌን ጨርሶ ወደ ጣቶቼ መካከል ገባ። የቆሰልኩ መስሎት ይሆን እንዴ? «ተው!» ብዬ ጮኽኩበት። «ተው፣ አንተ ደደብ! መራራ ነው እኮ!» ገፈተርኩት። ተመልሶ መጣ። ያን ጊዜ አገጩን መዳፌ ላይ አስቀመጠና ክብደቱን ሁሉ ጣለብኝ፤ በሕመሙ ቀን እንደሚያደርገው። እኔ ነበርኩ የታመምኩት፣ እሱ አልነበረም።

አረጋ ነው መንጭቆ የወሰደኝ። መኪናው ላይ ታጭቀን ኮረብታውን ስናልፍ የዳማ ጩኸት ይሰማኝ ነበር፤ ከዚያ ሞተሩ ዋጠው። እንባዬን በእጄ ስጠርግ እሬቱ ዓይኔም አፌም ገባ። እስከ ምሽት ድረስ መረረኝ። ውሃ ሲሰጡን ጠጣሁ እንጂ አልታጠብኩም።

የሰባ አገር ያሉትን አየነው። መሬቱስ እውነት የሰባ ነው። አረጋን ግን ወባ በላብኝ። የስንቱን አጥንት የጠገነ ሰው እጄ ላይ እንደ ቅጠል ረግፎ፣ ማንም በማያውቀው አፈር ቀበርኩት። ከዚያ በኋላ ምን ያስቀምጠኛል? ከሰፈራው ከሚጠፉት ጋር ጠፋሁ። በእግር፣ በልመና፣ እየታመምኩ፣ እየተደበቅኩ ደርግ ገና ሳይወድቅ ላስታ ገባሁ። መንገዱን ሁሉ የማስበው ስለ ዳማ ነበር። ባል ቀብሬ ስለ ውሻ ማሰቤን ለማንም አልናገርም። ግን በዚያ ክፉ ዘመን ከኔና ከዳማ ሌላ አረጋ ሲስቅ ያየ አልነበረም።

የጀውሀራ ደጃፍ ባዶ ነበር። ገመዱ የለም። እሷ ወጥታ ስታየኝ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ ስለ አረጋ ሳልነግራት ብቻዬን መምጣቴን አይታ አወቀች። ካለቀስን በኋላ ጠየቅኳት።

«አምና በክረምት ሞተ» አለች። «ሳይሰቃይ። እንቅልፍ እንደ ወሰደው።»

«ጀርባውስ?»

«ድኖ ነበር እኮ! ትንሽ ያነክስ ነበር እንጂ ይሮጥ ነበር። አረጋ ባየው…»

እጄን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። «መጀመሪያ ግን አስጨነቀኝ፣ ወለቴ። ከሄዳችሁ ወዲህ እህል አልቀምስም አለ። በገበቴ ሰጠሁት፣ እምቢ። በእጄ ዘረጋሁለት፣ አሸተተኝና ፊቱን አዞረ። ሞተብኝ፣ አደራ በላሁ ብዬ አለቀስኩ። አንድ ቀን እንደ ነገራችሁኝ ቁስሉን እሬት ቀብቼ፣ እጄን ሳልታጠብ ቂጣ ቆርሼ ብዘረጋለት ብድግ አለ። ቂጣውን ትቶ እጄን ይልሰው ጀመር። መራራውን እኮ ነው! ልሶ ልሶ ከዚያ በላ።»

መዳፌን ገልብጬ አየሁት።

«ከዚያ ወዲህ እሬት ካልነካሁ አይበላም። ቁስሉ ድኖ፣ ጠጉር አብቅሎ እንኳ። በየቀኑ ቀጥፌ፣ እጄን ቀብቼ አጎርሰዋለሁ፣ ከዚያ በአፈር ታሽቼ እሰግዳለሁ። ምን ዓይነት ውሻ ነው፣ መራራ የሚወድ?»

ምን ብዬ ልንገራት። እንዲጠላኝ ብዬ የቀባሁት እንደሆነ፣ እሱ ግን የኔ ሽታ ያ ነው ብሎ እንደያዘው እንዴት ብዬ ልንገራት። «እንዲያው ነው» አልኳት።

ከአጥሯ ሥር የቀበረችበትን አሳየችኝ። ድንጋይ ከምራበታለች። አጠገቡ እሬቱ አለ፤ በስተ ታች ያሉት ቅጠሎቹ ሁሉ ተቆርጠው ጠባሳ ሆነዋል። ጀውሀራ «ፀሐዩ ከሯል፣ ግቢ» ብላኝ ወደ ቤት ገባች።

ከላይ አንድ ቅጠል ቀጠፍኩ። ሁለቱን እጆቼን ቀባሁ፤ መዳፌን፣ የእጄን ጀርባ፣ በጣቶቼ መካከል። ከድንጋዩ አጠገብ ተቀመጥኩና እጄን ዘረጋሁ።

«ና፣ ዳማ» አልኩ። «እኔ ነኝ።»

እሬቱ እጄ ላይ እስኪደርቅ ተቀመጥኩ።