ከፍራሹ በታች ያለው ጣውላ

ጋሽ ዓሊዪ እጃቸውን ሲያነሱ ሁሉም መጫወቱን አቆመ። ኒቆዲሞስም ቆመ፤ ብቻ እሱ የቆመው ከሌሎቹ አንድ ምት ዘግይቶ ነው። ያቺ ምት በጸጥታው መሐል ብቻዋን ጠብ አለች።

"አሁንም ድራሙ!" አሉ ጋሽ ዓሊዪ፣ ከተሰቀለው ብርድ ልብስ ማዶ ሆነው። "ሦስተኛ ሙከራችን ነው። ጊታሩ ይሄዳል፣ ልጅቷ ትሄዳለች፣ ድራሙ ዕቃ እንደረሳ ሰው ከኋላ እየሮጠ ይመጣል።"

ኒቆዲሞስ ከዚህ ሁሉ የሰማው "ድራሙ" የሚለውን ብቻ ነበር። ስለዚህ ላልሰማው ነገር ሁሉ የሚሰጠውን መልስ ሰጠ።

"እሺ!"

ይህች "እሺ" ብዙ ነገር አድርጋዋለች። ባለፈው ጥር በእድር ስብሰባ ላይ ሰብሳቢው አንድ ነገር ሲጠይቀው "እሺ" ብሎ ወጣ፤ በሳምንቱ የድንኳን ኃላፊ መሆኑን ሰማ። ይኸው እስከ ዛሬ ለቅሶ በመጣ ቁጥር ድንኳን ይተክላል፤ ማን እንደሾመው ግን አያውቅም። በመሥሪያ ቤቱም፣ በከተማው አንድ ቢሮ መዝገብ ቤት ውስጥ፣ በሁለት ዓመት አንዴ እንኳ "ምን አልከኝ?" ብሎ የማያውቅ ትሑት ሠራተኛ ተብሎ ተመስግኗል።

ሁለት ዓመት። ግራ ጆሮው ሙሉ በሙሉ የተዘጋው ያኔ ነው። ቀኙም ቢሆን በር ላይ እንደቆመ እንግዳ ልሂድ ልሂድ ማለት ጀምሯል። ይህን የምታውቀው ሚስቱ ዕፀገነት ብቻ ናት። ማለትም ዕፀገነትና የአቦከር ሰፈር፤ ምክንያቱም ዕፀገነት ምስጢር የምትነግረው እየጮኸች ነው። ዛሬ ጠዋት እንኳ በሩ ላይ ቆማ "ንገራቸው! ጆሮዬ አይሰማም በላቸው!" ስትለው፣ ሦስት ቤት ወዲያ ልብስ የምታሰጣ ጎረቤት መቆንጠጫውን አስቀምጣ አዳምጣለች። የማያውቅ ቢኖር ባንዱ ነው።

ባንዱ "ነጎድጓድ" ይባላል። የፊዚክስ አስተማሪው እንደሻው ጊታር፣ ሥራዬ የተባለው ቤዝ ጊታር፣ ትዕግሥት ድምፅ፣ ኒቆዲሞስ ድራም። አሥራ አንድ ዓመት በሠርግና በሆቴል አዳራሽ ሲያጓሩ ኖረዋል። ስማቸውን ያወጣላቸው ማን እንደሆነ ባይታወቅም አልተሳሳተም፤ የሚጫወቱበት ሠርግ ላይ ሙሽራና ሚዜ የሚግባቡት በእጅ ምልክት ነበር። የሚለማመዱት ሐረር፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ መኪና ግርግር ከሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ጀርባ፣ በእማማ ሐዋ ቤት ነው። ላይኛው ክፍል ድሮ የሕንድ ነጋዴ ያሠራው ነው ይባላል፤ ወለሉ ጣውላ ነው። የእማማ ሐዋ ሕግ ሁለት ነው። ጫማ ደረጃው ሥር ይቀራል፣ ሚኒስትርም ቢመጣ። አዛን ሲባል ደግሞ ሙዚቃው ይቆማል፣ ዜማው የትም ይድረስ።

የመጀመሪያዋ ሕግ ኒቆዲሞስን ሁለት ዓመት አቆየችው። በባዶ እግር ሲጫወት፣ ሥራዬ የቤዙን ክር በነካ ቁጥር ጣውላው ይንቀጠቀጣል፤ መንቀጥቀጡ በተረከዙ ገብቶ ጉልበቱ ድረስ ይወጣል። ጆሮው የተወውን እግሩ ይሰማለት ነበር። የቀረውን ዓይኑ ይጨርሰዋል፤ የእንደሻውን እጅ፣ የትዕግሥትን ትከሻ ያያል። ማንም ሳያውቅበት፣ አንድም ምት ሳያጠፋ።

ከዚያ ጋሽ ዓሊዪ መጡ።

ጋሽ ዓሊዪ ከእማማ ሐዋ ቤት አራት በር ወዲያ ተወልደው፣ በልጅነታቸው አዲስ አበባ ገብተው፣ ሙዚቃ ቤት ከፍተው፣ ስንቱን ዘፋኝ ካሴት ያሳተሙ ሰው ናቸው። መስከረም ላይ ለዘመድ ሠርግ መጥተው ነጎድጓድን ሰሙ። ሁለት ጆሯቸውን በሁለት ጣት ደፍነው እስከ መጨረሻው ከሰሙ በኋላ፣ "ከሥር ያለው ዜማ ያምራል። እናንተ ግን ከነሕይወቱ ቀብራችሁታል" አሏቸው። "አብረን እናውጣውና ለሚሊኒየሙ እናድርሰው።"

ማውጣቱ ዘጠኝ ወር ፈጀ። መጀመሪያ እንደሻው በእግሩ እየረገጠ ጊታሩን የሚያስጮህባትን ሣጥን ነጥቀው ቦርሳቸው ውስጥ ቆለፉባት።

"ጋሽ ዓሊዪ፣ እኛ እኮ ሮክ ባንድ ነን" አለ እንደሻው፣ ልጁን እንደወሰዱበት አባት።

"ሁኑ! ሰው ግን ካሴት የሚገዛው ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊሰማ ነው፤ ግድግዳ ሊያፈርስ አይደለም።"

ቀጥሎ ትዕግሥት መጮህ እንድትተው፣ ለታመመ ሰው እንደምታወራ አድርጋ እንድትዘፍን ነገሯት። ቀጥሎ የኒቆዲሞስን እንጨቶች ወስደው የሽቦ ብሩሽ ሰጡት። ድምፅ ማጉያው ከዘጠኝ ወደ ሁለት ወረደ። እውነት ለመናገር አማረ። ትዕግሥት ለመጀመሪያ ጊዜ በቀስታ የዘፈነች ቀን እማማ ሐዋ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው "ማሻአላህ! ይቺ ልጅ ለካ ድምፅ ነበራት!" ብለዋል። ሁሉም አተረፈ። ኒቆዲሞስ ብቻ፣ ሙዚቃው እየቀለለ በሄደ ቁጥር ውኃው እየሸሸበት እንደሚሄድ ዓሣ ሆነ።

ዛሬ ደግሞ፣ የሰኔ ሐሙስ፣ ቀረጻ ነው። የተመረጠው ሰዓት ልብስ ሰፊዎቹ መኪናቸውን አቁመው ጫታቸውን ይዘው በርጫ የሚቀመጡበት ነው፤ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ የከሰዓቱ የዓስር ሶላት አዛን እስኪባል። ጋሽ ዓሊዪ የድራሙ ንዝረት ማይክሮፎኖቹን እንዳይረብሽ ከሥሩ ወፍራም የስፖንጅ ፍራሽ አነጠፉ። ከፊቱ ብርድ ልብስ ሰቀሉ። የጆሮ ማዳመጫ ያለው ሁለት ብቻ፤ አንዱ ለእሳቸው፣ አንዱ ለትዕግሥት። ኒቆዲሞስ ፍራሹ ላይ ሲቀመጥ እግሩ የጥጥ ያህል ለስላሳ ነገር ነካ። ከዚያ ወዲያ ምንም። ጉድጓድ ውስጥ እንደወረደ ሰው ልቡ ብቻ ይመታ ነበር፤ እሱም ቢሆን ከምቱ ውጭ።

"አምስት ደቂቃ ዕረፍት" አሉ ጋሽ ዓሊዪ። ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርገው ቀረብ አሉት። በቀኙ በኩል መምጣታቸው ዕድሉ ነው። "ስማኝ ልጄ፣ አልቆጣህም። ዛሬ ካልተስተካከለ ግን ቅዳሜ ኪቦርድ አስመጣለሁ። ምቱን ማሽኑ ይይዘዋል። አሁን ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሠራው። አንተ በየሠርጉ ትጫወታለህ፣ ማን ከለከለህ?"

"እሺ" አለ። ይህችኛዋን ሰምቶ ነው ያላት።

ሥራዬ ሳምቡሳ እየገመጠ ትከሻውን መታው። "ወሪያ ኒቆ! ትናንት ምን ጠጥተህ ነው?"

"እሺ" ብሎ ሳቀ ኒቆዲሞስ።

"ምን ጠጣህ ስትባል እሺ ነው እንዴ የሚባለው?" አለች ትዕግሥት። አልሳቀችም። ዓይኗ ጆሮው ላይ ነው ወይስ እንዲያው ፊቱ ላይ? ኒቆዲሞስ ጎንበስ ብሎ ያልላላ ብሎን ማጥበቅ ጀመረ።

የሚፈራው ድራሙን ማጣት ብቻ አይደለም። አባቱ የመድፈኛ ወታደር ነበሩ፤ ከጎጃም ሐረር ተመድበው እዚሁ ቀሩ። መድፉ ጆሯቸውን ወሰደው። መጀመሪያ ሰው እየጮኸ ያወራቸው ነበር፣ ቀጥሎ ባጭሩ፣ ቀጥሎ በምልክት። በመጨረሻ በራፋቸው ላይ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው፣ ሰዎች በፊታቸው ስለ እሳቸው ሲያወሩ ፈገግ እያሉ ይውሉ ነበር። "ሰውዬው በልተዋል?" ይባላል፣ ለእናቱ። ኒቆዲሞስ ያንን ፈገግታ አንድ ቀን መስተዋት ውስጥ አይቶታል። የእድሩ ስብሰባ ማግስት ነው።

"አራተኛ!" አሉ ጋሽ ዓሊዪ።

ያኔ ቀዳዳዋን አየ። ብርድ ልብሱ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ነው የተሰቀለው። በዚያች ክፍተት የሥራዬ ባዶ እግር ይታያል። ሥራዬ ሲጫወት የቀኝ እግሩ አውራ ጣት ከቤዙ ጋር ከፍ ዝቅ ትላለች፤ ለአሥራ አንድ ዓመት እንደዚያው ነች፣ ራሱ ሥራዬ ግን አያውቅም። ኒቆዲሞስ ዓይኑን አውራ ጣቷ ላይ ተከለ። ወረደች፤ መታ። ወረደች፤ መታ። ብሩሹ ቆዳው ላይ ሸርተት እያለ ተከተላት። ዜማው አንደኛውን ቤት ጨረሰ፣ ሁለተኛው ውስጥ ገባ፣ ማንም እጅ አላነሳም። ትንፋሹ መለስ አለለት። በዚህች ጣት ስምንቱንም ዘፈን እጨርሳለሁ፣ አለ በሆዱ። ማንም አያውቅም።

ወረደች፤ መታ። ወረደች፤ መታ።

ድንገት ፊቱ ላይ ብርሃን ሲለቀቅበት ደነገጠ። ብርድ ልብሱ የለም። እማማ ሐዋ ጫፉን ጨብጠው ከፊቱ ቆመዋል፤ ሌላው እጃቸው ደረታቸው ላይ ነው። ከኋላቸው እንደሻው እጁን ከጊታሩ ላይ አንስቷል፣ ትዕግሥት ማዳመጫውን አውልቃለች። ሥራዬም ቆሟል፣ ዜማው ግን ጭንቅላቱ ውስጥ ስላልቆመ አውራ ጣቱ አሁንም ትረግጣለች። የኒቆዲሞስ ብሩሽ ቆመ።

"ልጄ" አሉ እማማ ሐዋ። አልተቆጡም፤ ያ ነው ያስፈራው። "አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ቤት ስትገባ ስትወጣ፣ አንድም ቀን አዛን ላይ መትተህ አታውቅም። ዛሬ ምን ነካህ?"

አዛኑ አሁንም ይሰማ ይሆናል። ለእሱ ግን የለም። ጀጎል ውስጥ ከሰማንያ በላይ መስጊድ አለ፤ ሁሉም አንድ ላይ እየተጣሩ ይሆናል፣ እሱ የሚሰማው የገዛ ደሙን ፏፏቴ ብቻ ነው። እማማ ሐዋ የአዛኑን ቃል በከንፈራቸው ሲከተሉ ቆይተው፣ በእጃቸው ፊታቸውን አበሱ፤ አዛኑ ማለቁን ያወቀው በዚያ ነው።

ጋሽ ዓሊዪ ቀረጻውን መልሰው ከፈቱት፣ ማዳመጫውን አድርገው ለረጅም ጊዜ አዳመጡ። ከዚያ አውልቀው ወደ ቀኙ መጡ።

"ሁለት ነገር አልገባኝም" አሉ ቀስ ብለው። "አንደኛ፣ በዚህኛው አንድም ጊዜ አልዘገየህም። ሁለተኛ፣ ሁላችንም ቆመን፣ አዛኑ እየተሰማ፣ አንተ ብቻህን ስትመታ ቆየህ። እነዚህን ሁለቱን አስታርቅልኝ።"

"ስሜት ውስጥ ገብቶ ነው፣ ጋሽ ዓሊዪ" አለ እንደሻው ቶሎ ብሎ። "ማይክ ሲያይ ይደነግጣል። ከፈራ ደግሞ ምንም አያይም። አይደል ኒቆ?"

ጥሩ ሰበብ ነበር። ግማሹ እውነት ነው፤ እንደዛሬ ፈርቶ አያውቅም። አንዲት "እሺ" ካለ ያበቃለታል። እማማ ሐዋ ይቅር ይላሉ፣ ብርድ ልብሱ ተመልሶ ይሰቀላል፣ አውራ ጣቷም አለች። ነገ ግን ሥራዬ ካልሲ ቢያደርግስ? ቃሏ ምላሱ ጫፍ ላይ መጥታ ቆመች። የአባቱን ወንበር አሰበ፣ በራፍ ላይ የነበረውን።

ተነሳ። ትልቁን ድራም በሁለት እጁ አቅፎ ከፍራሹ ላይ አወረደው።

"ምን እያደረግህ ነው?" አለ እንደሻው። ኒቆዲሞስ አልሰማውም፣ ቢሰማም አይቆምም። ትንንሾቹን ድራሞች፣ ጸናጽሎቹን፣ ወንበሩን አንድ በአንድ አወረደ። ፍራሹን ጎትቶ ግድግዳ አስደገፈ። ከዚያ የሥራዬን የድምፅ ማጉያ ሣጥን ገፍቶ ገፍቶ ከወንበሩ አጠገብ አስጠጋና ተቀመጠ፤ ባዶ እግሩን ጣውላው ላይ ዘረጋ።

"ሥራዬ፣ አንድ ጊዜ ምታት" አለ። ድምፁ ከሚገባው በላይ ጮኾ ወጣ።

ሥራዬ ግራ ተጋብቶ ወፍራሙን ክር ነካ። ጣውላው ተንቀጠቀጠ። እንደ ድሮው አይደለም፤ ስስ ነው፣ ግን አለ። ከተረከዙ ተነስቶ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ወጣ።

"በግራ ጆሮዬ አልሰማም" አለ ኒቆዲሞስ። "ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ቀኙም እየደከመ ነው። የምሰማችሁ በእግሬ ነበር፣ ፍራሹ ከለከለኝ። አሁን ደግሞ የሥራዬን አውራ ጣት እያየሁ ነው የመታሁት። እማማ ሐዋ፣ አዛኑን አልሰማሁትም። ይቅር ይበሉኝ።"

ሥራዬ አውራ ጣቱን አየ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያያት። ትዕግሥት እጇን አፏ ላይ አደረገች። እማማ ሐዋ "ያ አላህ" ብለው ብርድ ልብሱን ማጠፍ ጀመሩ፤ ከአሁን በኋላ አያስፈልግም እንደተባሉ ሁሉ።

ጋሽ ዓሊዪ ዞር ብለው በክፍሉ ውስጥ ተራመዱ። ማይክሮፎኑን አዩ፣ ፍራሹን አዩ፣ ጣውላውን በባዶ እግራቸው ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉት። ከዚያ ቆሙና አንድ ነገር ተናገሩ። አጭር ነገር ነው። የቆሙት ግን በግራው በኩል ነበር።

ኒቆዲሞስ የሌሎቹን ፊት ዞሮ አየ፤ ሁሉም እሱን እያዩ ነበር፣ ከፊታቸው የሚነበብ ምንም የለም። ያች የለመዳት ቃል የአባቱን ፈገግታ አስከትላ ከጉሮሮው ብቅ አለች። ዋጣት። ወንበሩ ላይ እንዳለ ወገቡን አዙሮ ቀኝ ጆሮውን ሰጣቸው።

"አልሰማሁም፣ ጋሽ ዓሊዪ" አለ። "ይድገሙልኝ።"