ማኒላ የቀሩት ጋሼ ወንድማገኘሁ

ጋሼ ወንድማገኘሁ ማኒላን በሕይወታቸው ረግጠዋት አያውቁም። ከሱዳን የስደተኞች ካምፕ ሜልበርን ከገቡ ወዲህ ከከተማዋ ወጣ ያሉት ለልቅሶ አዴላይድ የሄዱ ጊዜ ብቻ ነው። ያም ሆኖ አንድ ረቡዕ ረፋድ ላይ፣ ኬንሲንግተን አዳራሽ ውስጥ ሻያቸውን ይዘው እንደተቀመጡ፣ ማኒላ ላይ ተዘርፈው መቅረታቸውን በጆሯቸው ሰሙ።

ነገሩ የጀመረው በዋዜማው ነው።

ጋሼ ወንድማገኘሁ ዕድሜያቸውን በታክሲ ሥራ ጨርሰው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸውን በሞት ያጡ፣ አስኮት ቬል በመንግሥት ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው። ያን ሰሞን ልባቸው ደሴ ነበር። ታላቅ እኅታቸው የምሥራች መጥታ እንድትጠይቃቸው ቪዛ አመልክተውላት መልስ ይጠብቃሉ። ጠዋት ሲነሱ ስልካቸውን ያያሉ፤ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ያያሉ፤ ወጥ እያማሰሉም ያያሉ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ኢሜይል መጣ። አናቱ ላይ የመንግሥት ዓርማ የሚመስል ነገር ተለጥፎበታል። በእንግሊዝኛ፣ «የቪዛ ማመልከቻዎ ዛሬ ሊዘጋ ነው። ማንነትዎን ባስቸኳይ ካላረጋገጡ ፋይልዎ ይሰረዛል» ይላል።

«ዛሬ» የምትለዋ ቃል አስደነገጠቻቸው። ትሩጋኒና የምትኖረው ልጃቸው ሆሳዕና ስንቴ ነግራቸዋለች፤ «ዳድ፣ የሚያጣድፍህን ሁሉ ሌባ ነው በል» ብላ። ምን ያደርጋል፣ የደነገጠ ሰው ምክር ትዝ አይለው። ሊንኩን ተጫኑ። የኢሜይላቸውን ፓስወርድ ጻፉ። ፓስፖርታቸውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ፎቶ አነሱና ላኩ። ገጹ ጥቂት ተሽከረከረና ነጭ ሆኖ ቀረ። «ደርሶናል» እንኳ አላለም።

ያኔ መታለላቸውን ጠረጠሩ። ግን ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ለሆሳዕናማ እንዴት ተደርጎ! ስንት አጭበርባሪ ተሳፋሪ ከኋላ ወንበር ጭነው ገና ሲገባ ጠረኑን የሚለዩ ሰው፣ በአንዲት ኢሜይል ተሸወድኩ ይበሉ?

በማግስቱ ቤት መዋል ቢያስጨንቃቸው፣ ኬንሲንግተን ወደሚደረገው የአረጋውያን መሰባሰቢያ ሄዱ። እዚያ እትዬ ያለምዘውድ የሚባሉ ጡረተኛ ነርስ አሉ፤ ጨዋታ ያውቃሉ። በቅርቡ ደግሞ አዲስ ልማድ አስጀምረዋል። ሰው ሁሉ የደረሰውን የሌባ ኢሜይል ይዞ ይመጣል፤ እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው እንደ ዜና አንባቢ ድምፃቸውን ወፈር አድርገው ያነባሉ፤ ሰዉ ይስቃል። ሳቁ በረድ ሲል «በሉ አሁን፣ ሌብነቱ የቱ ጋ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። «ከልብ የሳቁበት ሌባ ሁለተኛ አያታልልም» የምትል አባባልም አለቻቸው።

ያን ቀን ተራው የጋሼ ወልዴ ነበር።

«ጋሼ ወልዴ እንኳን ደስ አለዎት!» አሉ እትዬ ያለምዘውድ። «አንድ ዘመድ የሌላቸው ጄኔራል ሞተው፣ ከዓለም ሕዝብ ሁሉ መርጠው ወርቃቸውን ለእርስዎ አውርሰዋል። የሚፈለግብዎ የባንክ ሒሳብ ቁጥርዎ ብቻ ነው።»

«ወርቁስ ግድ የለም» አሉ ጋሼ ወልዴ፤ «የገዛ ወንድሜ ልጁን ሲድር የረሳኝን ሰውዬ፣ እኚህ ጄኔራል በምን አወቁኝ?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ጋሼ ወንድማገኘሁም ፈገግ ለማለት ሞከሩ። ሻያቸው ግን አልወርድ ብሏቸዋል።

ሳቁ ሳያልቅ የአንዱ ስልክ ጢን አለ። ቀጥሎ የሌላው። ወዲያው አዳራሹ ውስጥ ያለው ስልክ ሁሉ ተቀባበለ። እትዬ ያለምዘውድ የራሳቸውን ገልጠው አዩና ከመነጽራቸው በላይ ወደ ጋሼ ወንድማገኘሁ ተመለከቱ። ከዚያ ያችኑ የዜና ድምፃቸውን አወጡ፤

«ውድ ጓደኛ፣ ይህ ኢሜይል በጥሩ ሁኔታ እንደሚያገኝህ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ወንድማገኘሁ ነኝ። በአሁኑ ጊዜ በማኒላ ከተማ ውስጥ ተጣብቄያለሁ። ቦርሳዬ በጠመንጃ ነጥብ ተወስዷል። እባክህ የስጦታ ካርዶችን በፍጥነት ግዛልኝ። ይህንን ለማንም አትናገር። ሞቅ ያለ ሰላምታ።»

እንግሊዝኛውን ማሽን ቃል በቃል እንደተረጎመው ያስታውቃል። ከዚያ አዳራሹ ፈረሰ ማለት ይቻላል። አንዱ ጠረጴዛ ይደበድባል፣ ሌላው እንባውን ይጠርጋል።

«ኧረ ጋሼ ወንድማገኘሁ!» አሉ ጋሼ ወልዴ። «በምን ዓይነት ሙጫ ነው ያጣበቁዎት?»

ጋሼ ወንድማገኘሁ ሳያስቡት ሳቁ። እውነትም ያስቃል። «የጠመንጃ ነጥብ» ምን ማለት እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ግን ሻያቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«እኔው ነኝ የሰጠኋቸው» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ትናንት የቪዛ ክፍል ነን ሲሉኝ ፓስወርዴን ሰጠኋቸው። ፓስፖርቴንም።»

ሳቁ ቀጥ አለ። ጋሼ ወንድማገኘሁ አንገታቸውን ደፍተው የሚመጣባቸውን ጠበቁ። የመጣው ግን እትዬ ያለምዘውድ ወንበር ስበው አጠገባቸው ሲቀመጡ የተሰማው ድምፅ ነው።

«ሳቁ ይቆየናል» አሉ እትዬ ያለምዘውድ። «አሁን በሩን እንዝጋ። ስልክዎን ያምጡ። አዲሱን ፓስወርድ ራስዎ ይጻፉ፤ እኔ ፊቴን አዞራለሁ።»

እውነትም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ፓስወርዱ ተቀየረ፤ ኢሜይሉ ተከፍቶ ከነበረበት ቦታ ሁሉ እንዲዘጋ ተደረገ። ባንኩ ተነገረው፤ የፓስፖርቱም ነገር ለሚመለከተው ክፍል ሪፖርት ተደረገ። ሌሎቹ ደግሞ ስልካቸውን አንስተው በየአቅጣጫው «ወንድማገኘሁ እዚሁ አጠገባችን ነው፣ ምንም እንዳትልኩ!» ማለት ያዙ። ጋሼ ወልዴ ድምፃቸው ትልቅ ስለሆነ ብዙ ሰው አዳረሱ።

ቶሌሳ የሚባል የድሮ የታክሲ ባልደረባ በስልክ ሲያገኙት ሱቅ ገብቶ፣ ቁጥራቸው ለሌላ ሰው ሲላክ እንደ ጥሬ ገንዘብ የሚያገለግሉትን የስጦታ ካርዶች ይዞ ሊከፍል ተሰልፎ ነበር።

«እንዴት ዝም ብለህ ታምናለህ?» ብለው ጮኹበት ጋሼ ወልዴ።

«አማርኛውስ አላማረኝም ነበር» አለ ቶሌሳ። «ግን ምናልባት እውነት ቢሆንስ? ወንድማገኘሁ ተቸግሮ ይደር?»

ይህን ሲሰሙ ነው ጋሼ ወንድማገኘሁ የገባቸው። ሌባው የወሰደው ለካ ፓስወርድ ብቻ አልነበረም፤ የሰውን ፍቅር ቁልፍ አድርጎ የወዳጆቻቸውን ኪስ ሊከፍትበት ኖሯል።

ከዚያ ከደሴ ተደወለ። ለማንሳት ሲቸኩሉ ስልኩ ሳይታወቃቸው በስፒከር ተከፈተ።

«አንተ! ማኒላ ምን ልትሠራ ሄድክ?» የምትለው እኅታቸው የምሥራች ናት። ኢሜይሉ ለልጇ ደርሶ አንብቦላታል።

«የትም አልሄድኩም እታለም፤ ሌቦች ናቸው።»

«እኔማ ወዲያው ነቅቻለሁ! ‹ሞቅ ያለ ሰላምታ› ሲል ነው የገባኝ። አንተ ከመቼ ወዲህ ሰላምታ አሙቀህ ታውቃለህ? ስትደውል በቁጣ ነው የምትጀምረው። ለመሆኑ አሁንስ አንተ መሆንህን በምን ልወቅ? እናታችን በልጅነትህ ማን ትልህ ነበር?»

ጋሼ ወንድማገኘሁ ዙሪያውን አዩ። ሰው ሁሉ ጆሮውን አቁሟል።

«እታለም፣ ሌላ ጠይቂኝ።»

«ማን ትልህ ነበር?»

«...ድስት ገልብጥ» አሉ በሹክሹክታ።

ያ የቆየው ሳቅ ተመልሶ መጣ። የምሥራችም ከደሴ ሳቀች፤ ጋሼ ወንድማገኘሁም ከዋዜማው ጀምሮ የታነቀ ትንፋሻቸው ወጣላቸውና እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ይኼ ምስጢር በይፋ ተበላሽቷል» አሉ እትዬ ያለምዘውድ። «ከእኅትዎ ጋር ሌላ ጥያቄ ያዘጋጁ፤ ስፒከሩን አጥፍተው!» ያን ቀን ብዙ ሰው ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ ከቤተሰቡ ጋር ብቻ የሚያውቀውን ጥያቄ ሲያሰላስል ሄደ።

ኢሜይሉ ለእሷም ደርሷት ኖሮ፣ ሆሳዕና ከትሩጋኒና አዳራሹ ስትደርስ የመጋዘን ሥራዋን ቢጫ ሰደርያ እንኳ አላወለቀችም። ጋሼ ወንድማገኘሁ ሊቀጣ እንደሚጠብቅ ተማሪ ብድግ አሉ። እሷ ግን አቀፈቻቸው።

«ዳድ፣ ለምን ትናንት አልደወልክልኝም?»

«አፈርኩ ልጄ።»

«እኔስ ባለፈው ወር ‹በፖስታ የሚመጣልሽ ፓርሰል ቆሟል› ብለውኝ ሊንኩን ልጫን ስል አጠገቤ ያለችው ልጅ እጄን ባትይዘው ኖሮ? ሲርበን፣ ሲደክመን፣ ሰው ሲናፍቀን ነው የሚያገኙን። ማፈር ያለባቸው እነሱ ናቸው።»

ከዚያ እውነተኛውን የቪዛ ገጽ አድራሻ ራሷ ጽፋ፣ በትክክለኛው መንገድ ገብታ አሳየቻቸው። ማመልከቻው እንደነበረ ነው፤ ገና እየታየ ነው። የተዘጋም፣ ሊዘጋ የነበረም ነገር የለም።

ፓስፖርቱ ተሰርዞ አዲስ እስኪወጣ ጥቂት መንከራተት ነበረው። ቢሆንም ሳምንታት አለፉ፤ ጋሼ ወንድማገኘሁም እንቅልፋቸው ተመለሰ።

አንድ ቀን እቤት ሆነው ሽንኩርት ሲከትፉ ስልክ ጮኸ። ረጋ ያለ የሴት ድምፅ ነው፤ በእንግሊዝኛ ከባንክ እንደምትደውል ተናገረችና የልደት ቀናቸውን ጠየቀቻቸው።

«ልጄ፣ እንዳትቀየሚኝ» አሏት በዚያው በታክሲ እንግሊዝኛቸው። «እውነተኛ ሰው ልትሆኚ ትችያለሽ። ግን አሁን እዘጋዋለሁ፤ ካርዴ ጀርባ ባለው ቁጥር እኔው ራሴ እደውላለሁ።»

እንድትቆጣ ጠብቀው ነበር። ሴትዮዋ ግን ሳቅ ብላ «እባክዎ እንደዚያ ያድርጉ፤ ስሜን ይጠይቁ፣ ዓያንቱ እባላለሁ» አለች።

ደወሉ። ማስጠበቂያው ሙዚቃ ማለቂያ አልነበረውም። ስልኩን መደርደሪያው ላይ አቁመው ሽንኩርታቸውን ከትፈው ጨረሱ፣ ዘይት ጣዱ፣ ሳያውቁት በሙዚቃው ትከሻቸውን መነቅነቅ ጀመሩ። በመጨረሻ ያችው ድምፅ መጣች፤ በፓስፖርታቸው ሒሳብ ሊከፍት የሞከረ ሰው እንደነበረና ባንኩ እንዳገደው ልትነግራቸው ኖሯል።

«ዓያንቱ?» አሉ ጋሼ ወንድማገኘሁ፣ አሁን ሲሰሙት ስሙ አገር አገር ሸትቷቸው። «አንቺ ልጅ፣ የየት አገር ሰው ነሽ?»

«ይቅርታ አባባ» አለች ጥርት ባለ አማርኛ፤ «እሱን ለማያውቁት ሰው አልናገርም።»

ሽንኩርቱ እስኪያር ድረስ አብረው ሳቁ።